በትንሽ በጀት በቤንዚን የሚሠራ የሣር መቧጠጫ ማሽን አመራረጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ

መስከረም ላይ ለምለም የነበረ ሣር ጥር ሲገባ ውኃ እየጠጣም ካላገገመ፣ ሲረገጥም እንደ ጥጥ ፍራሽ እየሰመጠ ከተመለሰ፣ ችግሩ የውኃ ማነስ ላይሆን ይችላል። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ የሚባለው ሣር በመሬት ላይ እየተሳበ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ እየደረበ ነው የሚያድገው። የሞተው ሐረግና ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዓመት ዓመት ይከማችና በአረንጓዴው ቅጠልና በአፈሩ መካከል ቡናማ ንጣፍ ይሠራል። ውኃውም ማዳበሪያውም እዚያ ንጣፍ ላይ ይቀራል። አዲሱ ሥር ወደ አፈር መውረዱን ትቶ ንጣፉ ውስጥ ይሰደዳል፣ ዝናብ በጠፋ በሳምንቱም ሣሩ ይጠወልጋል። ይህን ንጣፍ በቆመ ቢላ እየሰነጠቀ የሚያወጣውን ማሽን ሻጮች ስካሪፋየር ይሉታል። እዚህ የሣር መቧጠጫ እንለዋለን።

ስትጠይቁ ከሁለት ሌሎች ማሽኖች ለዩት። የሣር ማጨጃ ቅጠሉን ከላይ ይቆርጣል እንጂ ንጣፉን አይነካም። አነስተኛ የጓሮ ማረሻ ደግሞ አፈሩን ከነሣሩ ይገለብጠዋል። ሁለቱም «ያው ነው» ተብለው ሊቀርቡላችሁ ይችላሉ፤ ያው አይደሉም። መቧጠጫው ከሆዱ ሥር በአንድ አግድም ዘንግ ላይ የተደረደሩ ከ14 እስከ 20 የሚደርሱ ቀጫጭን የቆሙ ቢላዎች አሉት፤ ወደ ታች የሚገቡትም በሚሊ ሜትር እንጂ በሴንቲ ሜትር አይደለም። አጎንብሳችሁ ሆዱን ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ።

መጀመሪያ ቢላ ይዛችሁ ግቢ ውጡ

የወጥ ቤት ቢላ ያዙና ሣሩን በሦስት ቦታ ቁረጡ፦ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ጋ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ። እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት፣ የጣት ርዝመት ጥልቀት ይኑረው። ቁራሹን አንሥታችሁ በጎኑ ተመልከቱት። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ እንደ አሮጌ ባና የተጠላለፈ ቡናማ ነገር፣ ከዚያ አፈር ታያላችሁ። መሐል ያለውን ባና መሰል ንጣፍ በጣታችሁ ሳትጫኑ በማስመሪያ ለኩት።

ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተዉት። ይህን ያህል ንጣፍ አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፣ እርጥበትም ይይዛል። እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ በብረት ሬክና በጉልበት ይወጣል። ከዚያ ካለፈ ነው ማሽን የሚያስፈልገው። ንጣፉ ስስ ሆኖ ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ጡብ የደረቀ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ሌላ ነው፤ አፈሩ ተጠቅጥቋል። በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። እሱን በመንሽ እየወጉ መክፈት እንጂ በመቧጠጫ ማበጠር አይፈውሰውም።

ቀጥሎ የሣሩን ስፋት ለኩ። እስከ 100 ካሬ ሜትር ለሆነ ግቢ በቤንዚን የሚሠራ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ሰው በሁለት ሬክ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ከ100 እስከ 250 ካሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይበቃል፤ ክብደቱ ቀላል፣ ጣጣውም ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም የመብራት መስመር የማይደርስበት ግቢ ከሆነ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንድታስቡበት አጥብቀን እንመክራለን። ይህ ማሽን በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚሠራው። እድር ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በጋራ ይዞ እንደሚያገለግል ሁሉ፣ አራት ጎረቤት ገንዘቡን አዋጥቶ አንድ ደህና ማሽን ቢገዛ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚገዛው ደካማ ማሽን በብዙ ይሻላል። ስምምነቱ ሲደረግ ሁለት ነገር በግልጽ ይነገር፦ የተጠቀመ ሰው ቢላዎቹን አጥቦና ቤንዚኑን አፍስሶ ይመልሳል፤ ድንጋይ መትቶ ቢላ ያጣመመም ቢላውን ይተካል። ይህ ካልተነገረ በሁለተኛው ዓመት ቅያሜ ይመጣል።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ደሴ በጦሳ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ የምታገኟት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በማሽኑ ካርቶን ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ግን ለባሕር ጠለል ለቀረበ አየር ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ስታሰሉት ኮምቦልቻ ላይ 22 በመቶ፣ ደሴ ላይ 29 በመቶ ይደርሳል። ይህም ካርቡራተሩ ለከፍታው ከተስተካከለ ነው፤ ካልተስተካከለ ይብሳል።

በቁጥር እንየው። 163 ሲሲ (የሲሊንደሩ ይዘት ነው) ሆኖ 4.8 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 3.8፣ ደሴ ላይ 3.4 ያህል ይቀረዋል። በርካሽነቱ ዓይን የሚስበው 118 ሲሲና 3 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ደግሞ ደሴ ላይ ሲደርስ 2.1 ገደማ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የቢላ ዘንግ ጥቅጥቅ ያለ ሰርዶ ውስጥ ለማሽከርከር 2.1 አይበቃም። ማሽኑ በየሦስት እርምጃው ይታፈናል፣ ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ቢላው ዘንግ የሚያስተላልፈው ቺንጋ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ሠራተኛውም ጥፋቱ የቢላው ይመስለውና ቢላ ሲስል ይውላል።

ስለዚህ ለደሴ፣ ለጢጣ፣ ለቦሩ ሜዳና በዚያ ከፍታ ላለ ግቢ ከ163 ሲሲ አትውረዱ፤ የሥራ ስፋቱም ከ38 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ኮምቦልቻ ላይ ንጣፉ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ 140 ሲሲ ያለው ባለ 38 ሴንቲ ሜትር ማሽን ይሄዳል። ስፋት ስትመርጡ ጠበብ ያለውን ምረጡ። ሰፊው ቶሎ ይጨርሳል የሚባለው ጉልበት ሲተርፍ ነው። ጉልበቱን ከፍታው ሲወስደው ጠባቡ ሳይቆም ይጨርሳል፣ ሰፊው ደጋግሞ ይጠፋል።

የፈረስ ጉልበት ቁጥር ደግሞ በማጣበቂያ ወረቀት ይለጠፋል፣ በወረቀት ይቀየራል። ሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ሲሲ እመኑ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን ግን ያው ነው፤ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታና የሚያስነጥስ ሞተር ነው። ድብልቁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍቱና ጫፉን በአውራ ጣታችሁ እሹት። እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ደረቅ ሆኖ ጣታችሁን ካጠቆረ ድብልቁ ወፍሯል። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት እየነደደ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን ዋና የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ፣ ጀት የሚሏትን፣ በአንድ ቁጥር ባነሰች መቀየር ነው። የነሐስ ቀለም ያላት፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ብሎን ናት፤ በቀጭን ካቻቢቴ ትፈታለች። ቀዳዳዋን ለማጥበብ ሽቦ አትክተቱባት። ሽቦው ይነቀነቃል፣ ድብልቁም በየደቂቃው ይለዋወጣል። የተፈታችውን ጀት በላስቲክ ጠቅልላችሁ እጀታው ላይ እሰሯት፤ ማሽኑ አንድ ቀን ወደ ሚሌ ወይም ሠመራ ከወረደ መመለስ አለባት። በቆላ አየር ላይ በጠባብ ጀት የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል፣ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስቶኑንም ይጎዳል።

መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝ ሞተር

በጀት ሲያንስ ሰው የሚያየው የመግዣውን ዋጋ ነው። ማሽኑን የሚገድለው ግን በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋው የአሥር ደቂቃ መለዋወጫ ነው። እኛ አገር በጣም የተለመደው የቤንዚን ሞተር በመስኖ ፓምፕ ላይ የሚታየው ነው፦ ሆንዳ ጂኤክስ 160 እና በእሱ አምሳል የተሠሩት 168 ኤፍ የሚባሉት የቻይና ሞተሮች። ከቦርከና ዳር እስከ ገጠሩ ጓሮ ድረስ ውኃ የሚስበው ይኸው ነው። ካንዴላው፣ ካርቡራተሩ፣ ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው)፣ የማስነሻ ገመዱ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) እና ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የፓምፕ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ የፓምፕ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። በሌላ በኩል መልኩ የሚያምር፣ አምራቹ ለራሱ ብቻ ያወጣው ሞተር ያለው ማሽን ካርቡራተሩ ሲበላሽ የሚተካው አይገኝም። ሁለት ማሽን እኩል ዋጋ ካላቸው ሞተሩን አይታችሁ ወስኑ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ሞተሩ ቢሞት የፓምፑን አውጥቼ እገጥማለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ የሁለቱን ዘንግ አስተያዩ። የብዙ ፓምፖች ሞተር ዘንጉ ጫፍ ላይ የብሎን ጥርስ አለው፤ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) የሚገባበት ቀጥ ያለ ዘንግ አይደለም። ቀጥ ያሉትም ሁለት ዓይነት ናቸው፦ 20 ሚሊ ሜትርና 19.05 ሚሊ ሜትር። በዓይን አይለዩም፤ በካሊብሮ ለኩ። የ20 ሚሊ ሜትሩን ፑሌጃ 19.05 ላይ ብታስገቡት ይገባል፣ ሲሠራ ግን እየተንገዋለለ ዘንጉን ይበላዋል።

ቢላ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ

ቢላው ሦስት ዓይነት ነው። እንደ ሽቦ የታጠፈ የስፕሪንግ ጥርስ ያለው ስስ ንጣፍን ብቻ ያበጥራል፤ ሰርዶ ሐረግ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል። ዘንጉ ላይ የተበየደ ወይም የታሰረ ቋሚ ቢላ ሐረጉን በደንብ ይቆርጣል፤ ድንጋይ ሲመታ ግን ምቱ በቀጥታ ዘንጉንና ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያገኛል። ሦስተኛው በፒን ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ቢላ ነው፤ ሲሽከረከር በራሱ ኃይል ይዘረጋል፣ ድንጋይ ሲገጥመው ወደ ኋላ ይታጠፋል። የደሴ ግቢ ብዙው ተዳፋት ላይ የተደለደለ፣ ከሥሩ ድንጋይ የማይጠፋ ነው። ለዚያ የሚወዛወዘው ይሻላል፣ ትንሽ ቢወደድም። ድንጋዩ ለተለቀመለት የኮምቦልቻ ሜዳ ቋሚው ይበቃል።

የሙሉ ቢላ ዋጋ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ከማሽኑ ዋጋ አንድ አራተኛ ካለፈ ወይም ሻጩ «ይመጣል» ብቻ ካለ እለፉት። ጠፍጣፋና ቀላል ቅርፅ ያለውን ቢላ ደህና ቶርኖ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ውፍረቱን፣ የቀዳዳውን ስፋትና ክብደቱን ግን አንድ ዓይነት ማድረግ አለበት። ክብደቱ የተለያየ ቢላ ዘንጉን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህም ነው ቢላ ሲቀየር በአንድ ጊዜ ሁሉም የሚቀየረው።

የቢላው ዘንግ ሁለት ጫፍ ምን ላይ እንደተቀመጠ እዩ። ብረት ኩሽኔታ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቁጥር አለው። 6203 ከሆነ 17 በ40 በ12፣ 6204 ከሆነ 20 በ47 በ14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም በየኩሽኔታ መሸጫው ያሉ ናቸው። የፕላስቲክ ቡሽ ላይ የተቀመጠ ከሆነ አትግዙ። አቧራችን ፕላስቲኩን በአንድ ወቅት ይበላዋል፣ ዘንጉም መወዛወዝ ይጀምራል።

ቺንጋውም እንደዚሁ ነው። ላዩ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኤ ቺንጋ በየገበያው አለ፤ ወፍጮ ቤቶችም ያውቁታል። ጥርስ ያለው ልዩ ቺንጋ የሚጠቀም ማሽን ከሆነ መለዋወጫ ቺንጋ አብሮ ካልተሰጣችሁ አትውሰዱ።

ያገለገለ ማሽን ስትፈትሹ

በትንሽ በጀት ያገለገለ 163 ሲሲ ከአዲስ 118 ሲሲ ይበልጣል፤ ከፈተሻችሁት። ለሻጩ አስቀድማችሁ «ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ የማርሚታውን አካባቢ በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሲበርድ ለመነሣት እንደሚያስቸግር ተደብቆባችሁ ሊሆን ይችላል። በተለይ የደሴ የታኅሣሥ ጧት ደካማ ሞተርን ያጋልጣል።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን አውጡና አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለና መጠኑ ከመስመሩ በላይ ከሆነ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ አልዘጋም፤ ቤንዚኑ ሌሊቱን እየፈሰሰ ዘይት ውስጥ ገብቷል። መርፌው ራሱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቀጠነ ዘይት ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ አይታወቅምና ዋጋው በደንብ ካልወረደ ተዉት። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል።

የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና ማሽኑን ወደ ኋላ ጋደም አድርጉ፣ ካንዴላው ወደ ላይ ይሁን። አንድ እርሳስ ወይም ቀጭን እንጨት ከመሸፈኛው ጋር አስጠግታችሁ ያዙ፣ የቢላዎቹን ጫፍ ሊነካ ምንም ያህል እስኪቀረው። ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩ። ሁሉም ቢላ በእኩል ርቀት ካለፈ ደህና ነው። አንዱ ወገን ቀርቦ ሌላው 2 ሚሊ ሜትር ከራቀ ዘንጉ ጎብጧል። የጎበጠ ዘንግ በመዶሻ አይቃናም፤ ቶርኖ ላይም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ከዚያ ዘንጉን ጨብጣችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ግን ቀላል ነው፣ ሁለት ኩሽኔታ ነው፣ ለመደራደሪያ ይሁናችሁ። ረጅሙንና አጭሩን ቢላ አወዳድሩ፤ አጭሩ ሲሶውን ያህል ከተበላ ሙሉ ቢላ እንደምትገዙ ቁጠሩ።

ማሽኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሙና የጥልቀት ማንሻውን ቢላዎቹ ወለሉን ሊነኩ እስኪደርሱ አውርዱ። በግራም በቀኝም በኩል ወረቀት አሾልኩ። በአንዱ በኩል ካለፈ፣ በሌላው ከተያዘ የጎማው ማያያዣ ተጣሟል፤ ሣሩን በአንድ ወገን ይፍቃል፣ በሌላው ይዘላል።

አሁን አስነሡ። እስከ ሦስት ጊዜ ሲሳብ መነሣት አለበት። ገመዱ ሲሳብ ክብደት ከሌለው ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ኃይል፣ ወርዷል። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው፤ ፋሻ ወይም ቫልቭ ይፈልጋል፣ ወጪው ከባድ ነው። ጥቁሩን ጭስ ከላይ አይተነዋል፤ የጀት ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላልና አትደንግጡ፣ ሻጩ ከፈራው ግን ዋጋ አስቀንሱበት። አሥር ደቂቃ እንዲሞቅ ተዉት። ቢላውን አስገቡና እጀታውን ልቀቁ፤ ቢላው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። እጀታው ላይ ያለው ማንሻ በሽቦ ታስሮ ካገኛችሁት ያ ማሽን ሰው ሊቆርጥ የተዘጋጀ ነው፤ ሽቦው ተፈትቶ መሥራቱን ሳታዩ አትግዙ። አጥፍታችሁ ወዲያው እንደገና አስነሡት፤ ሲግል የማይነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተቱ ጠቦ ነው። በጂኤክስ 160 ላይ ሞተሩ ሲበርድ የመግቢያው 0.15፣ የመውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው።

ከያዛችሁት ገንዘብ አምስተኛውን ለመጀመሪያ እድሳት አስቀሩ፦ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ዲፕራተር፣ ቺንጋ። የዚህ ሞተር ዘይት 0.6 ሊትር ብቻ ነው፤ 10 ደብሊው 30 ከተገኘ እሱን ተጠቀሙ። ቁጥር 40 ዘይት ደሴ ላይ በጧት እንደ ማር ይወፍራል፣ ገመዱም ክንድ ይሰብራል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ማሽኑ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ዘይቱም ቤንዚኑም ይፍሰስ፣ ቆሞም ይታሰር። በካንዴላው በኩል ከተጋደመ የቀረው ዘይት ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሆኖ ከደረሰ ገመዱን በኃይል አትሳቡ፤ ዘይት አይታመቅምና ውስጡን ሊያጣምም ይችላል። ካንዴላውን አውጥታችሁ ጨርቅ ሸፍኑበትና ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ሳቡ፤ ዘይቱ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሥራ

ጊዜው ሣሩ ሊያድግ የሚዘጋጅበት ይሁን። ለተዳፋት ግቢ የበልጉ ዝናብ አፈሩን እንዳራሰ፣ መጋቢት ላይ ሥሩት፤ ክረምቱ ሲመጣ መሬቱ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ሰኔ ላይ የተቧጠጠ ተዳፋት ሐምሌ አፈሩን ያጥበዋል። ለሜዳ ግቢ የሰኔ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አትንኩት፤ ብርድ ላይ ያለ ሣር ቁስሉን አይሞላም።

ሣሩን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥራችሁ እጨዱ። ድንጋዩን ልቀሙ፣ የውኃ ጎማውንና የተቀበረ ቧንቧ ያለበትን በእንጨት ምልክት አድርጉ። አፈሩ ከውስጥ ርጥብ፣ ከላይ ደረቅ ይሁን። ዋልካ በጭቃው ከተሠራ ቢላው ሣሩን ከነሥሩ ጎትቶ ያወጣዋል።

ቤንዚኑን አዲስ ግዙ። በጀሪካን መቅዳት ብዙ ጊዜ ፈቃድ ስለሚጠየቅበት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው ከወሰዳችሁ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውኃ ካለበት ከሥሩ ለብቻው ይተኛል። ለ300 ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይበቃል።

ጥልቀቱን መጀመሪያ ቢላው አፈሩን ጭረት ብቻ እንዲተውበት አድርጉ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል። አንድ እርምጃ ተራመዱና እዩ። በቀጥታ መስመር፣ ሳታቆሙ ሂዱ፤ ቆማችሁ ቢላው ከተሽከረከረ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሲዞሩ ቢላው ይነሣ። አንድ ዙር ካለቀ የወጣውን በሬክ ሰብስቡና ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያውን በሰያፍ እያቋረጣችሁ ድገሙት። የ3 ሴንቲ ሜትር ንጣፍን በአንድ ቀን ላውጣ አትበሉ፤ በዚህ ከፍታ ማሽኑም አይችልም፣ ሣሩም አይተርፍም። ዘንድሮ ግማሹን፣ የሚቀጥለውን በከርሞው።

ተዳፋቱ በ1 ሜትር ርቀት 36 ሴንቲ ሜትር ከወጣ 20 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ሞተሩን ያደርቀዋል፤ ያንን በእጅ ሥሩት። ጠንካራ ጫማ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አይቅር። ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ይረብሻልና የዓርብ ጁምዓና የእሑድ ቅዳሴ ሰዓት ይታለፍ።

ሲጨርሱ ግቢው የተላጨ ይመስላል፣ ቡናማም ይሆናል። የሚጠበቅ ነው። በ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዩሪያ በትናችሁ ወዲያው አጠጡ፤ ቅጠል ላይ ደርቆ ከቀረ ያቃጥላል። ሰርዶ ራሱ ተስቦ ይሞላልና ዘር አትግዙ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስጡት።

ማሽኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት የቤንዚኑን ቁልፍ ዘግታችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስኪዱት። ካርቡራተር ውስጥ ስድስት ወር የከረመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቅና ጀቷን ይደፍናል፤ «ዓምና ይሠራ ነበር» የሚባለው ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው በዚህ ነው። የወጣውን የሰርዶ ሐረግ ደግሞ እርጥቡን ጓሮ አትጣሉት፤ እያንዳንዱ አንጓ ሥር ይሰዳል። ሲሚንቶ ወይም ሸራ ላይ አሥጡት፣ በሳምንቱ ሲሰበር ቀጭ ካለ ወደ ኮምፖስቱ ጉድጓድ ይግባ።